የሒሳብ መለማመጃ ድረ ገጾችና አፖች፦ ክፍል ከመግባታቸው በፊት እንዴት ይፈተሻሉ?

አንድ የሒሳብ መለማመጃ ድረ ገጽ ወይም አፕ ለክፍላችሁ ይሆን አይሆን እንደሆነ መጀመሪያ ለመለየት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ማለትም 40 ደቂቃ ያህል ይበቃል፤ ያለፈውን ደግሞ በኋላ በጥቂት ልጆች ትሞክሩታላችሁ። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ ልጆቹ የሚጠቀሙበት ዓይነት ስልክ ወይም ታብሌት፣ የተማሪው መጽሐፍ፣ ሰሞኑን ያረማችኋቸው አምስት ስድስት ደብተሮች፣ ወረቀትና እስክሪብቶ። ከእነዚህ ሁሉ ዋናዎቹ ደብተሮቹ ናቸው። ደብተር ሳይያዝ የሚደረግ ምርጫ በሥዕሉ ማማር፣ በሙዚቃውና በሚሰጠው ኮከብ ብዛት ይወሰናል። መለማመጃ ግን የሚመዘነው ልጅ ሲሳሳት በሚያደርገው ነገር ነው። በትክክል ሲመለስማ ሁሉም ያጨበጭባል።

ጽሑፉ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳብ ለሚያስተምሩ የወሎ መምህራን የተዘጋጀ ነው። ለደሴ መሐል ከተማ ትምህርት ቤት የሚሆን ነገር ለለጋምቦ ደጋ ወይም ለዋድላ ላይሆን ይችላል፤ ኮምቦልቻ ላይ ያለ ችግር የሠራ አፕ ሰቆጣ ላይ በቋንቋው ምክንያት ሊቆም ይችላል። ስለዚህ «ምርጥ አምስት አፖች» የሚል ዝርዝር አልሠራንም። እዚህ ያለው የትኛውንም መለማመጃ በራሳችሁ ክፍል ልክ የምትፈትሹበት መንገድ ነው።

መጀመሪያ ደብተሩን ክፈቱ

አንድ ጠባብ ርዕስ ምረጡ። «የ3ኛ ክፍል ሒሳብ» ሰፊ ነው፤ «ባለ ሁለት አሐዝ ቁጥሮችን በመዋስ መቀነስ» ግን ይፈተሻል። ከዚያ በደብተሮቹ ላይ ተደጋግሞ የመጣውን ስሕተት ቁጥሩን ሳትለውጡ ቅዱ፤ ከጎኑ ልጁ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ጻፉ። በየክፍሉ የሚገኙ አራት እንይ።

52 − 38 = 26 ብሎ የጻፈ ልጅ በየቤቱ ከትልቁ አሐዝ ላይ ትንሹን ቀንሷል፦ ከ8 ላይ 2 ሲነሳ 6፣ ከ5 ላይ 3 ሲነሳ 2። ቅነሳውን ያውቃል፤ ያልገባው ከቤተ አስር መዋሱ ነው። ትክክለኛው መልስ 14 ነው።

1/2 + 1/4 = 2/6 ያለው ላዕልን ከላዕል፣ ታሕትን ከታሕት ደምሯል። 2/6 ከ1/2 እንደሚያንስ፣ ግማሽ ላይ ሌላ ተጨምሮበት ከግማሽ በታች ሊሆን እንደማይችል ልብ አላለም። የጎደለው የክፍልፋይን መጠን መገመት ነው።

0.35 ከ0.4 ይበልጣል ያለው 35ን ከ4 ጋር አወዳድሯል፤ አስርዮሹን እንደ ሙሉ ቁጥር አንብቦታል።

8 + 4 = □ + 5 ላይ 12 የጻፈው የእኩል ምልክቱ «ውጤቱን ጻፍ» የሚል ትእዛዝ መስሎታል። ሁለቱ ወገኖች መመዛዘን እንዳለባቸው ቢያውቅ 7 ይል ነበር።

ከራሳችሁ ደብተሮች የወጡ ሦስት ወይም አራት እንዲህ ያሉ ስሕተቶች የተጻፉበት ወረቀት የመፈተሻችሁ መሣሪያ ነው። ለሚቀጥለው አፕም ይኸው ወረቀት ያገለግላል።

ሆን ብላችሁ ተሳሳቱ

አፑን ክፈቱ፣ የመረጣችሁትን ርዕስ ፈልጉ፣ የልጁን ስሕተት አስገቡ። 52 − 38 በቀጥታ ባይመጣ ግድ የለም፤ መዋስ የሚጠይቅ የትኛውም ጥያቄ ሲመጣ ልጁ በሄደበት መንገድ ሄዳችሁ የተሳሳተውን መልስ ስጡ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን በጥሞና አንብቡ።

ምላሹ ከአራት ዓይነት አንዱ ይሆናል። ደካማው «ትክክል አይደለም፣ እንደገና ሞክር» ብቻ ይላል። ልጁ 26 ለምን እንዳልሆነ ስለማያውቅ 25 ወይም 24 ብሎ ይገምታል፤ እየገመተ 14 ላይ ከደረሰ አፑ ያደንቀዋል። ሁለተኛው ዓይነት «መልሱ 14 ነው» ብሎ ያልፋል። ልጁ 14ን ያያል፣ ቀጣዩን ጥያቄ ግን በዚያው በተሳሳተው መንገድ ይሠራል። ሦስተኛው ደረጃ በደረጃ አሠራሩን ያሳያል፦ ከ5 አስሮች አንዱ ተወስዶ 12 አንዶች ይሆናሉ፣ ከ12 ላይ 8 ሲቀነስ 4፣ ከ4 አስሮች ላይ 3 ሲቀነስ 1። ይህ ለክፍል ይሆናል። አራተኛው ልጁ የሄደበትን መንገድ ራሱን ይለያል፤ «ከ8 ላይ 2 ቀነስክ፤ የላይኛው አሐዝ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ እምብዛም አይገኝም፤ ከተገኘ ግን ሥዕሉ ባያምርም ያዙት።

አንድ ጊዜ ተሳስታችሁ አታቁሙ። ያንኑ ስሕተት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ድገሙና አፑ ጥያቄውን ቀለል ያደርግ እንደሆነ፣ ሥዕል ያቀርብ እንደሆነ፣ ወይስ በዚያው ክብደት ይቀጥል እንደሆነ እዩ። «ፍንጭ» የሚል ቁልፍ ካለ እሱንም ተጫኑ። አንዳንዱ ፍንጭ በሦስተኛው ጫና መልሱን አውጥቶ ይሰጣል፤ ልጆች ይህን በአንድ ቀን ይደርሱበትና ከዚያ ወዲያ ሦስት ጊዜ መጫን የሥራቸው መጀመሪያ ይሆናል። ፍንጭ ታይቶ የተመለሰ ጥያቄ እንደ ትክክል ይቆጠር አይቆጠር ልብ በሉ። ነጻ የመማሪያ ድረ ገጽ በሆነው ካን አካዳሚ ላይ ለምሳሌ ፍንጮቹ አንድ በአንድ ይከፈታሉ፤ ፍንጭ የተከፈተበት ጥያቄ ግን በትክክል እንደተመለሰ አይቆጠርለትም። እንዲህ ያለው አሠራር ከግምት ይጠብቃል።

ስለ ግምት ካነሳን የምርጫ ጥያቄዎችን አስሉ። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ዝም ብሎ የሚነካ ልጅ ከ10 ጥያቄ ሁለት ሦስቱን ያገኛል። «ሦስቱን በተከታታይ ያገኘ ያልፋል» የሚል አፕ ላይ በአራት ምርጫ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎች በግምት የማለፍ ዕድሉ ከ64 አንድ ነው፤ ምርጫው ሁለት ብቻ ከሆነ («ይበልጣል ወይስ ያንሳል?») ከ8 አንድ ይሆናል። 64 ልጆች ያሉበት ክፍል ሁሉም ቢገምቱ ስምንቱ ያህል ሳያውቁ ያልፋሉ፤ መሞከር ከቀጠሉ ደግሞ ቁጥራቸው ይጨምራል። ስለዚህ ልጁ መልሱን ራሱ የሚጽፍበት መለማመጃ ምንጊዜም ይመረጣል። ለማረጋገጥ 10 ጥያቄ ሳታነቡ የመጀመሪያውን ምርጫ ብቻ ንኩ፤ ያገኛችሁት ነጥብ ከሦስት አራት ካለፈ የመልሶቹ አቀማመጥ አልተቀላቀለም ማለት ነው።

መልስ የሚጻፍበት አፕ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። 1/2 ትክክል በሆነበት ቦታ 2/4 ጻፉ። ርዕሱ ማቃለል ከሆነ መቀበል የለበትም፤ ርዕሱ መደመር ከሆነ ግን «ትክክል ነው፣ አቃልለው» ሊል ይገባዋል። በጥሬው «ስሕተት» ካለ ልጁ በትክክል የደመረውን እንደተሳሳተ ይቆጥራል። 0.5 እና .5፣ 1000 እና 1,000፣ ከቁጥሩ በኋላ ባዶ ቦታ ተጨምሮ፤ እነዚህን ሁሉ ሞክሩ። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም፤ በኋላ ክፍል ውስጥ «ቲቸር፣ ልክ ነው ግን አይቀበልም» ከሚል የሃምሳ ልጅ ጩኸት ይገላግላል።

የመጨረሻው የዚህ ክፍል ፈተና፦ ከልምምዱ ውጡና እንደገና ግቡ፣ ሦስት ጊዜ። ጥያቄዎቹ በዚያው ቁጥርና በዚያው ተራ ከመጡ የጥያቄ ክምችቱ ትንሽ ነው። ልጆች መልሱን ይሸመድዱታል፣ ከጎረቤትም ይቀባበሉታል። ቁጥሮቹ በየጊዜው የሚለዋወጡ ከሆኑ ግን ሁለት ጓደኛሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው እንኳ የየራሳቸውን ይሠራሉ።

ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሩ

የውጭ ድረ ገጽ «ግሬድ 3» ማለቱ የእኛ 3ኛ ክፍል ማለቱ አይደለም። በክፍል ቁጥር አትፈልጉ፤ በርዕስ ፈልጉ። የአሜሪካ ድረ ገጾች ብዙዎቹ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጋራ የትምህርት መለኪያ ኮድ ከርዕሱ ጎን ያስቀምጣሉ። ኮዱ መጀመሪያ የክፍሉን ቁጥር፣ ቀጥሎ የርዕሱን ፊደላት ይይዛል፦ ኤን-ቢ-ቲ የቤት ዋጋና በአስር ላይ የተመሠረተ ስሌት፣ ኤን-ኤፍ ክፍልፋይ፣ ኤም-ዲ ልኬት፣ ጂ ጂኦሜትሪ ነው። ኮዱን ካወቃችሁ የማትፈልጉትን ምዕራፍ ሳትከፍቱ ታልፋላችሁ።

የአሠራር ልዩነትም አለ። መጽሐፉ ማባዛትን ወደ ታች በመደርደር ሲያስተምር አፑ ሬክታንግል ከፋፍሎ በየክፍሉ ስፋት ሊያባዛ ይችላል። 23 × 14ን 20 × 10፣ 20 × 4፣ 3 × 10፣ 3 × 4 ብሎ ከፍሎ 200 + 80 + 30 + 12 = 322 ይላል። ይህ ጥሩ መንገድ ነው፤ ግን ልጆቹ ሰሌዳ ላይ ሳያዩት በአፕ ፍንጭ ከመጣባቸው ግራ ይገባቸዋል። ወይ አስቀድማችሁ አስተምሩት፣ ወይ ያን ልምምድ ተዉት።

ልኬት፣ ጊዜና ገንዘብ ላይ በተለይ ጠንቀቅ በሉ፤ ከውጭ የመጣ መለማመጃ በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ኢንች፣ ፊት፣ ፓውንድና ጋሎን ያለበትን ምዕራፍ በሙሉ ዝለሉ። 1 ፊት 12 ኢንች፣ 1 ፓውንድ 16 አውንስ ነው እያሉ ማስላት በሜትርና በኪሎ ግራም ለሚማር ልጅ ትርፍ ሸክም ነው። አንዳንድ አፖች ቅንብር ውስጥ ወደ ሜትሪክ የሚቀየርበት አማራጭ ሊኖራቸው ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ፈልጉ።

ሰዓት ላይ የሚቸግረው የቆጣሪው ንባብ አይደለም፤ ታሪኩ ነው። «ትምህርት 8:30 ላይ ይጀምራል» የሚል ጥያቄ የሐይቅ ልጅ ሲያነበው ከሰዓት በኋላ ስምንት ተኩል ይሆንበታል፤ ጠያቂው ግን የእኛን ሁለት ሰዓት ተኩል ነው ያሰበው። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ሌላም ነገር ያበላሻል። በውጭው አቆጣጠር ከጠዋቱ 11:00 እስከ ቀኑ 1:00 ስንት ሰዓት ነው የሚለው ጥያቄ 12ን መሻገር የሚያለማምድ ነው፤ በእኛ ግን ከ5 እስከ 7 ስለሆነ መሻገሩ የለም። የጊዜ ርዝመት ብቻ የሚጠይቁት ይሠራሉ፤ ከ8:30 እስከ 10:15 በየትኛውም አቆጣጠር 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ስለዚህ የርዝመቱን ውሰዱ፣ ጠዋት ማታ የሚለውን ተዉ።

የቀን መቁጠሪያ ጥያቄዎችም እንዲሁ ናቸው። በውጭው ከጃንዋሪ 20 እስከ ፌብሩዋሪ 5 ያሉት 16 ቀናት ናቸው፤ ጃንዋሪ 31 ቀን ስላለው። በራስ-ሰር ትርጉም ጃንዋሪ «ጥር» ተብሎ ከመጣ ግን ልጁ ወሩን በ30 ቆጥሮ 15 ይላል። ልክ ነው፤ አፑ ግን ስሕተት ይለዋል። ይህን ርዕስ በሰሌዳ ላይ ራሳችሁ አስተምሩት።

የዶላርና ሳንቲም ጥያቄዎችን ወደ ብር መቀየር ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የዛሬ ልጅ ሱቅ ተልኮ ሳንቲም ሲቀበል ብዙም አይታይም። 10 ዶላር ከፍሎ የ3.75 ዕቃ የገዛ ስንት ይመለስለታል የሚለውን ጥያቄ ወደ ጨርቅ ብትወስዱት ይሻላል፦ ከ10 ሜትር አቡጀዲ 3.75 ሜትር ቢቆረጥ ስንት ይቀራል? መልሱ ያው 6.25 ነው፤ አስርዮሹ ግን ልጁ በሚያውቀው ነገር ላይ አረፈ። ሙሉ ቁጥር ከሆነ የባቲ የሰኞ ገበያ ወይም ከደሴ ኮምቦልቻ የሚደረግ ጉዞ ለጥያቄ የሚሆን ብዙ ነገር አለው። በክፍልፋይ ጥያቄዎች ላይ የሚመጣው ፒዛ ደግሞ በድፎ ዳቦ ይተካ፤ ክቡ ክብ ነው።

ቋንቋ

አፑ በእንግሊዝኛ ከሆነ 10 ጥያቄዎችን ቁጠሩና ስንቱ ሳይነበብ እንደሚሠራ እዩ። በቁጥርና በሥዕል ብቻ የሚገቡት 8 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ እንዳለ ይወሰዳል። ግማሽ ያህሉ ዓረፍተ ነገር ከሆነ የምታነቡላቸው እናንተ መሆን አለባችሁ፤ ስለዚህ ለግል ልምምድ አይሆንም፣ ለጋራ ግን ይሆናል። ከግማሽ በላይ ከሆነ የምትፈትኑት እንግሊዝኛቸውን ነው።

ወሎ በአንድ ቋንቋ ብቻ አይማርም። ከሚሴና ባቲ አካባቢ በአፋን ኦሮሞ፣ ዋግ ኽምራ ውስጥ በኽምጣኛ የሚማሩ ልጆች አሉ፤ በአማርኛ የተዘጋጀ አፕ ለእነሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ለእነዚህ ክፍሎች ጽሑፍ የሌለበትን፣ የቁጥር መሥመርና የነጥብ ሥዕል የሚያሳየውን ማስቀደም ይሻላል።

የብራውዘሩን ራስ-ሰር ትርጉም በልጆች ስልክ ላይ አታብሩ። ብዜትን «ምርት»፣ ጎደሎ ቁጥርን «ያልተለመደ ቁጥር»፣ የጠጣር ነገርን ይዘት «የድምፅ መጠን» ብሎ ሊያወጣ ይችላል። ትርጉም ካስፈለገ ጥያቄውን ራሳችሁ በመጽሐፉ ቃል ጽፋችሁ ስጡ።

ኔትወርክ፣ ዳታ፣ መብራት

ይህን ፈተና በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ልጆቹ በሚጠቀሙበት ስልክ፣ ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት አድርጉት። ደሴ ሆቴል ውስጥ በዋይፋይ የተፈተሸ አፕ ስለ ትምህርት ቤታችሁ ምንም አይነግራችሁም።

በመጀመሪያ ልምምዱን ክፈቱና ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስትደርሱ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። የሚቀጥለው ጥያቄ ይመጣል? መልሱ ይታረማል? ከሁለት ደቂቃ በኋላ ግንኙነቱን ስትመልሱት የተሠራው ነጥብ አለ ወይስ ከዜሮ ይጀምራል? ከዜሮ የሚጀምር አፕ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ልጆችን ያስለቅሳል፤ ደግመው ለመክፈትም እምቢ ይላሉ።

ቀጥሎ ዳታውን ለኩ። በስልኩ ቅንብር ውስጥ የዚያ አፕ ወይም የብራውዘሩ የዳታ ፍጆታ ይታያል። ቁጥሩን ጻፉ፣ 20 ደቂቃ ሥሩ፣ እንደገና ተመልከቱ። 8 ሜጋ ባይት ወሰደ እንበል። 50 ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን፣ በወር አራት ሳምንት ቢሠሩ 400 ጊዜ ነው፤ 3,200 ሜጋ ባይት፣ ወደ 3.2 ጊጋ ባይት መሆኑ ነው። ያንኑ በአንድ ላፕቶፕ ለሁሉም ብታሳዩ በወር ስምንት ጊዜ፣ 64 ሜጋ ባይት ብቻ ይሆናል። ለርዕሰ መምህሩ የዳታ ጥያቄ ስታቀርቡ ይህን ስሌት አያይዙ፤ «ኢንተርኔት ያስፈልገናል» ከሚለው ይልቅ በጀት የሚያስፈቅደው ይኸኛው ነው። ከጥያቄ በፊት ቪዲዮ በራሱ የሚጀምር ከሆነ ማጥፋት ይቻል እንደሆነ እዩ፤ ዳታውን የሚበላው ባብዛኛው እሱ ነው።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ሦስት ነጻ አማራጮች ማወቅ ይጠቅማል።

ኮሊብሪ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፤ ይዘቱ አንድ ጊዜ ኔትወርክ ባለበት ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት የሌለው ተራ የዋይፋይ ራውተር ብቻ ይዞ ታብሌቶቹ በብራውዘር ከላፕቶፑ ይወስዳሉ። የካን አካዳሚ ልምምዶች በውስጡ ይገኛሉ፤ መምህሩ ፈተና ማዘጋጀትና የየልጁን ውጤት ማየት ይችላል። ሁሉንም ለማውረድ አትሞክሩ፤ ሙሉው ስብስብ በብዙ ጊጋ ባይት ይቆጠራል። የሚያስፈልጋችሁን ምዕራፍ ብቻ ምረጡ፣ ደሴ ወይም ወልዲያ ላይ አውርዱ፣ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ አምጡት። ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላውም በዚሁ ይዛመታል።

ፌት የሚባሉት ማሳያዎች በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ በ2002 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን የተጀመሩ ናቸው። እያንዳንዳቸው አንድ ፋይል ሆነው ይወርዳሉ፣ በፍላሽ ይገለበጣሉ፣ በብራውዘር ያለ ኢንተርኔት ይከፈታሉ። የክፍልፋይ፣ የቁጥር መሥመርና አስር የመሙላት ማሳያዎቹ ለታችኛው ክፍል ይሆናሉ። ዋና ሥራቸው ነካክቶ መረዳት ስለሆነ የልምምድ ብዛት ከእነሱ አትጠብቁ፤ 1/2 + 1/4 = 2/6 ላለው ልጅ ግን ከመቶ ጥያቄ አንድ የክፍልፋይ ሥዕል ይበልጥበታል።

ጂኮምፕሪ ከ2 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነው። ቁጥር መቁጠር፣ መደመርና መቀነስ ለ1ኛና ለ2ኛ ክፍል ጥሩ ነው፤ ለ5ኛና 6ኛ ክፍል ግን ይቀላል።

መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ደግሞ ከክፍሉ በፊት አንድ ቀን ፈትሹት። ያረጀ ባትሪ 40 ደቂቃ ካልቆየ ልምምዱን የክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ አድርጉት።

የልጆቹ መረጃና ማስታወቂያ

አፑ ሲመዘገቡ ምን ይጠይቃል? የልጅ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ ፎቶ፣ የስልክ ቁጥር ከጠየቀ አትስጡ። ለክፍላችሁ ኮድ አውጡ፦ 5ሀ-01፣ 5ሀ-02 እያላችሁ፤ የስሙ ዝርዝር በእናንተ መዝገብ ብቻ ይቀመጥ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የልጆችንም መረጃ ይመለከታል፤ ስለዚህ ነገሩ ከጥንቃቄም በላይ ነው። መምህሩ ራሱ ክፍል ፈጥሮ ለልጆቹ የመግቢያ ስም የሚሰጥበት አሠራር ያላቸውን አስቀድሙ።

ከዚያ 10 ደቂቃ ሥሩና የመጡትን ማስታወቂያዎች ቁጠሩ። አንድ ልጅ በስሕተት ነክቶ የት እንደሚደርስ ለማወቅ ራሳችሁ ንኩት። ከማያውቁት ሰው ጋር የሚጻጻፉበት ቦታ ካለው፣ ውድቅ ነው። በየደረጃው «ይህን ልብስ ለገጸ ባሕርይህ ግዛ» እያለ ልጁን ወደ ክፍያ የሚገፋም እንዲሁ፤ ቤተሰቡ መክፈል የማይችለውን ልጅ ጓደኞቹ ፊት ያሳንሰዋል። የልጆችን ስም በውጤት ደርድሮ ለሁሉም የሚያሳይ ሰሌዳ ካለ የሚጠፋበትን ቁልፍ ፈልጉ።

በስድስት ልጆች ሞክሩት

እስከዚህ የደረሰ መለማመጃ ለትንሽ ሙከራ ይበቃል። ሁለት ፈጣን፣ ሁለት መካከለኛ፣ ሁለት የሚቸገሩ ልጆች ምረጡ። መጀመሪያ በወረቀት አምስት ጥያቄ ስጧቸው። ከዚያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ፣ አፑ ላይ ይሥሩ። በመጨረሻ ያንኑ ዓይነት አምስት ጥያቄ በሌላ ቁጥር፣ አሁንም በወረቀት። ከሳምንት በኋላ ሌላ አምስት። የአፑን ነጥብ ለዚህ ውሳኔ አትጠቀሙበት፤ አፑ ላይ 95 ከመቶ አግኝቶ ወረቀት ላይ 52 − 38ን 26 የሚል ልጅ ይኖራልና።

ሲሠሩ ከኋላቸው ቁሙና ሰዓት ያዙ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጥያቄ ሠሩ? በመቀነስ ርዕስ አንድ ልጅ 10 ደቂቃ ውስጥ ስድስት ሰባት ጥያቄ ካልደረሰ ቀሪው ጊዜ በአኒሜሽን፣ በሽልማትና በመጠበቅ ሄዷል። የሚቸገሩትን ሁለቱን በተለይ ተመልከቱ። ፈጣኖቹ በየትኛውም መለማመጃ ይሻሻላሉ፤ አፑን የሚፈትኑት እነዚያ ሁለቱ ናቸው። ወረቀት ላይ የሚጽፉት ነገር ካለ ጥሩ ምልክት ነው፤ ዝም ብለው የሚነኩ ከሆነ ደብተርና እርሳስ እንዲይዙ አድርጉና እንደገና እዩ።

60 ልጅና ጥቂት መሣሪያ

ስድስት ታብሌት ካለ በአንዱ ሁለት ልጅ፣ በአንድ ዙር 12 ልጅ ይሠራል። አንድ ዙር 12 ደቂቃ ከሆነ በ40 ደቂቃ ሦስት ዙር፣ 36 ልጅ ነው። 60ውን ለማዳረስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈልጋል። ተራቸው ያልደረሰው በመጽሐፉ መልመጃ ይቀጥላሉ፤ ታብሌቱ ላይ ያለው ርዕስና መጽሐፉ ላይ ያለው አንድ ካልሆነ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ጥንዶቹ በየጥያቄው መቀያየር አለባቸው፣ አንዱ ሲነካ ሌላው ደብተር ላይ ይሠራል፤ አለበለዚያ ፈጣኑ ልጅ ሁሉንም ይሠራና ሌላው ተመልካች ሆኖ ይቀራል።

አንድ ስልክ ብቻ ካላችሁም መለማመጃው ይጠቅማል። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጻፉ፣ ሁሉም ልጅ በቁራጭ ወረቀት መልሱን ጽፎ ወደ ላይ ያንሳ፣ ከመካከላቸው በብዛት የታየውን ስሕተት ስልኩ ላይ አስገቡና አፑ የሰጠውን ማብራሪያ ለክፍሉ አንብቡ። አፑ የሚያወጣላችሁ ጥያቄና የስሕተት ማብራሪያ ነው፤ ማስተማሩ ሰሌዳው ላይ ይቀጥላል።

ሲያልቅ አንድ ገጽ ጽፋችሁ በሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ፦ የመለማመጃው ስም፣ የሚሆንበት ርዕስና ክፍል፣ የሚዘለሉት ምዕራፎች፣ በ20 ደቂቃ የሚወስደው ዳታ፣ 26 ስታስገቡ የሰጠው ምላሽ በቃሉ፣ የተፈተሸበት ቀን። ቀኑን አትርሱ፤ ነጻ የነበረው ክረምት ላይ ወደ ክፍያ ይዞራል፣ ማስታወቂያ ያልነበረውም ያመጣል። መስከረም ላይ ከልጆቹ በፊት ገብታችሁ የስሕተቱን ፈተናና የኤርፕሌን ሞዱን ፈተና ብቻ ድገሙ፤ 10 ደቂቃ ነው።